አስተርጓሚው ባዳቾና የብርሃን ቆቡ

ባዳቾ አማርኛን ወደ አማርኛ የተረጎመባት እሑድ ዝናብ የሚጥልባት ተራ እሑድ ነበረች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ይህኛው ጉድ ግን መስከረምን ለመጠበቅ ትዕግሥት አጥቶ በሐምሌ አጋማሽ፣ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት መጣ።

ቤተ ክርስቲያኗ ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ናት። ከየአገሩ ተመድበው የመጡ ሐኪሞችና መምህራን ስለሚያመልኩባት ስብከቱ በአማርኛ ነው፤ ከገጠር ለሚመጡት ደግሞ፣ አብዛኞቹ አማርኛ ቢሰሙም፣ ወደ ወላይትኛ ይተረጎማል። ተርጓሚው ባዳቾ ነው። ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ ባዳቾ ከጎኑ ቆሞ ያንኑ በወላይትኛ ያስከትላል። ሰባኪው እጁን ሲያነሣ ያነሣል፣ ሲያጎነብስ ያጎነብሳል፣ እንባ ሲይዘው እሱንም ይይዘዋል። ጡረታ እስኪወጣ የግብርና ቢሮ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ ነገር ግን በሶዶ ባዳቾን ከማዳበሪያና ከአካፋ ጋር የሚያነሣው የለም። «ተርጓሚው» ከተባለ እሱ ነው። ደካማ ስብከት በባዳቾ አፍ ሲያልፍ ሥጋ ይለብሳል ይባል ነበር፤ ይህን ሰባኪዎቹ ባያውቁ ምእመናኑ ያውቁላቸዋል። ከዱቦ በኩል በሚኒባስ የሚመጡት፣ አንዲት ቃል አማርኛ የማያውቁት እማማ ባሎቴ ደግሞ «ባዳቾ ሲተረጉም ጌታ ራሱ ወላይታ ይመስለኛል» ይሉ ነበር።

ያን ዕለት ሰባኪው ከአዲስ አበባ የተጋበዘ እንግዳ ነበር።

«አንድ ገበሬ በሬው ጠፋበት» አለ እንግዳው።

«አንድ ገበሬ በሬው ጠፋበት!» አለ ባዳቾ በሙሉ ድምፁ።

እንግዳው ዞር ብሎ አየውና ምናልባት የአገሩ ወግ ይሆናል ብሎ ቀጠለ። «ተራራውን ሲዞር፣ ወንዙን ሲወርድ ዋለ።»

«ተራራውን ሲዞር፣ ወንዙን ሲወርድ ዋለ!» ባዳቾ በእጁ ተራራውን ዞረ፣ ወንዙን ወረደ።

ከመዘምራኑ መካከል አንዲት ወጣት ሳቋ አመለጣት፤ ቃለሕይወት የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። እንግዳው ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገና ወደ ባዳቾ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ በወላይትኛ እኮ ነው» አለው።

ባዳቾ ግራ ገባው። በወላይትኛ አይደል እንዴ ሲናገር የቆየው? ምላሱ ላይ የወላይትኛው ጣዕም አለ፤ በሬውን በወላይትኛ እንዳሳደደው ይምላል። ሕዝቡን አየ። ሕዝቡ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ከመድረክ ወርዶ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የገበሬው በሬ የት እንደተገኘም ሳይሰማ ቀረ። ከጸሎት በኋላ ፓስተር ፀጋአብ መጣና ትከሻውን ያዘው። «ድካም ነው፣ ጋሼ ባዳቾ። የዕድሜ ነገር» አለው፣ ዓይኑን ወደ በሩ መልሶ።

ባዳቾን ያስፈራው የሕዝቡ ዝምታ አልነበረም፤ ሳቁም አይደለም። አባቱ በበዴሳ ገበያ የታወቁ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ የበሬን ዕድሜ አፉን ሳይከፍቱ በአረማመዱ የሚናገሩ። በመጨረሻ ዘመናቸው ግን ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው፣ ምሳ ይዞላቸው የመጣውን ባዳቾን «የማን ልጅ ነህ፣ የኔ ልጅ?» እያሉ በትሕትና ይጠይቁት ነበር። ባዳቾ ሞትን እንኳ እንደዚያች ጥያቄ አይፈራም። አንድ ቀን ከራሱ አፍ ትወጣለች ብሎ ይፈራታል። ተጀመረ ማለት ነው? ወይስ እውነት ድካም ነው? ማወቅ የፈለገው ይህችን ብቻ ነበር።

ሐኪም ቤት ሄደ። ወጣቱ ሐኪም ቀኑን፣ ወሩን፣ የከተማውን ስም ጠየቀው፤ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠረው። ባዳቾ ሁሉንም መለሰ፤ ወሩን እንዲያውም በሁለቱም ቋንቋ መለሰ። «ደህና ነዎት፣ እንቅልፍ ይተኙ» ተባለ። እንቅልፍ የነሣውን ነገር ይዞ ሄዶ እንቅልፍ ታዘዘለት። በየእሑዱም መድረክ ላይ መቆሙን ቀጠለ፤ ሕዝቡም አሜን ማለቱን ቀጠለ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስታወቂያ የተነበበው በዚያው ሰሞን ነው። ከመቀሌ መጥታ በሶዶው ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ዶክተር ትርሐስ የምትባል ሴት አለች፤ ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ትፈልጋለች፤ አእምሯቸው ሲሠራ የሚያሳይ መሣሪያ አላት። ሰው ሁሉ ወዲያው «የራስ ፎቶ» አለው። ባዳቾ ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ባጃጅ ተሳፈረ። ፎቶ አይዋሽም ብሎ ነው የሄደው፤ ያ የመጀመሪያው ስሕተቱ ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ከዋናተኛ ቆብ የማይለይ ጥቁር ቆብ፤ ቆቡ ላይ ትንንሽ ቀያይ መብራቶች ተሰክተውበታል። ዶክተር ትርሐስ ግንባሩን በጥጥ ጠረገችለትና ቆቡን አጠለቀችለት።

«አንድ የአእምሮ ክፍል ሥራ ሲበዛበት ደም ወደዚያ ይጎርፋል፣ ጋሼ» አለችው። «ይሄ ብርሃን ግንባርዎን አልፎ ጥቂት ይገባና ተመልሶ ይወጣል። የተመለሰውን አይተን ደሙ የት እንደበዛ እንገምታለን።»

«ትገምታላችሁ?»

«እንገምታለን» አለች ሳታፍር።

«ሌላ የማይገምት መሣሪያ የለም?»

«በማግኔት የሚያይ ትልቅ መሣሪያ አለ፤ እዚህ የለንም። እሱም ይገምታል። ደግሞ ውስጡ ተኝተው ራስዎን ሳያነቃንቁ ነው የሚታዩት። የእርስዎ ሥራ ቆሞ መናገር ነው፤ ቆቡ ይሻላል።»

ከዚያ የምታጠናውን ነገረችው። የአእምሮ ልጓም አለችው። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው አንዱን ሲናገር ሌላው አይተኛም፤ ሁለቱም ነቅተው ይጠብቃሉ፤ አንዱ እንዳይቀድም የሚይዘው ነገር መኖር አለበት፣ ያንን ነው የምፈልገው አለችው። ባዳቾ ደነገጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን አማርኛው ሲነቃ ወላይትኛው የሚተኛ ይመስለው ነበር። ሁለቱም ሌት ተቀን ነቅተው ከተቀመጡ ያቺን እሑድ ልጓሙን የለቀቀው ማነው? ባለቤቱ ራሱ አይደለም እንዴ? ታዲያ ባለቤቱ ሳይሰማ እንዴት ይለቀቃል?

ፈተናው ቀላል ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ ሥዕል ይመጣል፤ ክፈፉ ሰማያዊ ከሆነ በአማርኛ፣ ቢጫ ከሆነ በወላይትኛ ይጠራል። ቤት በሰማያዊ፦ «ቤት» አለ። ቤት በቢጫ፦ «ኬታ» አለ። ውሃ በቢጫ፦ «ሀታ» አለ። ቀለሙ ይገለባበጣል፤ እሱም አብሮ ይገለባበጣል። አንድም አልሳተም። ቆቡን ስታወልቅለት ላብ አጥምቆት ነበር፣ ግን ደስ ብሎታል።

«እኔ እንኳ ስደክም ተማሪዎቼን በትግርኛ የምቆጣበት ጊዜ አለ» አለችው ሻይ እየቀዳችለት።

«ሲያመልጥሽ ይታወቅሻል?»

አሰበች። «አዎ፣ ወዲያው ይታወቀኛል።»

ባዳቾ ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠው።

ውጤቱ የተነገረው ከመስቀል በኋላ ነው። የተፈተኑት ሁሉ አዳራሽ ተጠሩ፤ ግድግዳው ላይ የአእምሮ ሥዕል በራ። ግራጫ ነው፤ ከግንባሩ በኩል እንደ በርበሬ የቀላ ቦታ አለ። ዶክተር ትርሐስ ቋንቋ ሲቀየር ይህ ቦታ ሥራ እንደሚበዛበት አስረዳች። ሰው አጨበጨበ። ባዳቾ እጁን አወጣ።

«የኔ የቱ ነው?»

«የሁላችሁም ነው፣ ጋሼ። የሁላችሁም ተደምሮ፣ አማካዩ ነው።»

ባዳቾ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየው። የየቤቱ ወተት አንድ ቅል ውስጥ ከተናጠ በኋላ፣ ቅቤውን አይቶ ይሄ የኔ ላም ቅቤ ነው የሚል ማን አለ? ሌሎቹ እየተሣሣቁ ሲወጡ እሱ ቀረ።

«ለብቻዬ ንገሪኝ። አባቴ አእምሮውን ስቶ ነው የሞተው። እኔስ?»

ዶክተር ትርሐስ አጠገቡ ተቀመጠች። «የእርስዎን መስመር ለብቻው አይቼዋለሁ፣ አልዋሽዎትም። ይወጣል፣ ይወርዳል። የአንድ ሰው መስመር እንዲህ ሲወጣ ጤና ነው፣ እንዲህ ሲወርድ በሽታ ነው የሚያሰኝ መለኪያ ግን እስካሁን የለንም። ደህና ነዎት ብልም፣ ታመዋል ብልም ውሸት ነው። ይሄ የነርቭ ሐኪም ሥራ ነው፤ ሐዋሳ የማውቀው አለ፣ እደውልልዎታለሁ።»

«አንድም አልሳትኩ እኮ!»

«አልሳቱም።»

«ክፈፉ ስለነገረኝ ነው። መድረክ ላይ ክፈፍ የለም።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። «እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም።»

እንግዲህ ምን ይባላል? ራሱን ከፍቶ አሳየ፣ ያየችውም ሴት የተማረችና ደግ ናት፣ ያየችውን ግን ምን እንደሆነ አታውቅም። ለሰሚው ግራ ነው። ባዳቾ ባጃጁን ትቶ በእግሩ እያዘገመ ቤቱ ደረሰ።

ሚስቱ አስካለች ለዳጣ ቃሪያና ዝንጅብል ትፈጫለች። በቤታቸው የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው። ከደጃፉ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት፤ ደሙን፣ ብርሃኑን፣ አማካዩን። አስካለች መጇን አላቆመችም።

«የዚያን የአዲስ አበባ ሰባኪ ነገር አልጨረስክም» አለች።

«የምኑን?»

«በሬው የጠፋበትን ሰውዬ። በሬው እኮ ከጓሮው ታስሮ ነበር የተገኘው።»

«አሁን የበሬ ጊዜ ነው?»

አስካለች መጇን አስቀመጠች። «መሣሪያ ፍለጋ ዩኒቨርሲቲ ድረስ የምትሄደው ለምን እኔን ሳትጠይቅ ነው?»

ባዳቾ ቀና ብሎ አያት። 

«ከፋሲካ ወዲህ ነው የጀመረህ» አለች አስካለች። «ሁልጊዜ አይደለም። ደህና ትጀምራለህ። መሐል ላይ ወደ አማርኛ ትገባለህ፣ ትቆያለህ፣ ደግሞ ሳይነገርህ ትመለሳለህ። ያቺ ቀን የመጀመሪያዋ አልነበረችም፤ እንግዳው እኛ ሳናርምህ እንደምናሳልፍ ስለማያውቅ ነው የታወቀብህ።»

«ፓስተር ፀጋአብስ?»

«ያውቃል።»

«ሕዝቡ?»

«ያውቃል።»

«አሜን ይሉኝ ነበር!» ባዳቾ ጮኸ። «እያንዳንዷን ቃል አሜን ይሉኝ ነበር!»

«እኔም እል ነበር» አለች አስካለች፣ ዓይኗም ሞላ። ከቃሪያው ይሁን አይታወቅም።

አሜን በአማርኛም አሜን ነው፣ በወላይትኛም አሜን ነው። ሽማግሌን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው፤ ደግሞ ሕዝቡ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚሰማ ማንም አልተጎዳም አለችው። ፍቅር መሆኑ ነው። ባዳቾ ግን ተናደደ። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ቃል ሳያጎድል ለሰው ሲያደርስ ኖሮ፣ ለእሱ አንዲት ቃል የሚያደርስለት ጠፋ! ሕመሙን ሁሉም እያወቁት የማያውቀው ሕመምተኛው ብቻ ሆነ። ፍቅር እንዲህ ከሆነ ጠላት ምን ሊያደርግ ነው?

ሲበርድለት አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ሁሉም አማርኛ ያውቃል አልሽ?»

«ያው ሁሉም...» አስካለች አፏን በእጇ ያዘች። «እማማ ባሎቴ።»

እማማ ባሎቴ ከነሐሴ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልታዩም። ጉልበት ነው፣ ጭቃ ነው ተብሎ ታልፏል።

በማግስቱ ባዳቾ ወደ ዱቦ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘ፤ ከመንገዱ ወርዶ በእንሰትና በጎደሬው መሐል በእግሩ ገባ። እማማ ባሎቴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሲያዩት «ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው ሰላም እያሉት ለመነሣት ታገሉ። ጉልበታቸው ደህና ነው፤ ፊታቸው ግን ከስቷል።

«እማማ፣ ለምን ቀሩብን?»

አሮጊቷ ጉልበታቸውን አሻሹ። ከዚያ እንደ ሌባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ጌታ ጆሮዬን ዘጋብኝ፣ ልጄ። ቤቴ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፣ ገበያ እሰማለሁ። እዚያ ስገባ ግን አንተ ትናገራለህ፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ ለኔ ብቻ አይገባኝም። መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት ነበር፣ በኋላ ባሰ። ምን በድዬ ነው እያልኩ ጾምኩ፣ ለመንኩ። አልከፈተልኝም። ቃሉ ከተከለከለብኝ ምን ፊት ይዤ ልምጣ?»

«ሌላ ሰው እየተናገረ ነው አላሉም? ሌላ ቋንቋ ነው አላሉም?»

«አንተ ነህ እኮ የምትናገረው!» አሉ፣ ተቆጥተው። «አንተ ቆመህ እንዴት በሌላ ቋንቋ ይሆናል?»

ባዳቾ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። እሱ የራሱን አእምሮ ሲያስመረምር እኚህ ሴትዮ በእሱ ጥፋት የራሳቸውን ነፍስ ሲመረምሩ ከርመዋል። እጃቸውን ይዞ ነገራቸው። የሳትኩት እኔ ነኝ፣ እማማ፤ እርስዎ ጆሮዎ ደህና ነው፤ ጌታም አልዘጋብዎትም፤ በአማርኛ ስናገር ነው የከረምኩት፣ አላወቅሁም። አላመኑትም። ሊያፅናናቸው የመጣ መሰላቸው። በአባቱ ስም ማለላቸው። ያኔ ትኩር ብለው አዩትና «ታዲያ እኔ አልተጣልኩም?» አሉ። «አልተጣሉም» ሲላቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሱም አለቀሰ። የእሱ ልቅሶ ለእርሳቸው ይሁን ለራሱ ሊለየው አልቻለም።

ቅዳሜ ዕለት ፓስተር ፀጋአብን አግኝቶ ከእንግዲህ አልቆምም አለው። ፓስተሩ ለመነው፤ ሕዝቡ እንደሚወደው፣ ማንም ቅር እንዳላለው ነገረው።

«እሱ ነው እኮ ችግሩ» አለ ባዳቾ። «ያቺ የሳቀችው ልጅ ትቁም።»

«ቃለሕይወት? የሳቀችብህ?»

«ከሁላችሁም እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ነች።»

እሑድ ቃለሕይወት ከሰባኪው ጎን ቆመች። ባዳቾ የፊት ወንበሩን ትቶ ከኋላ፣ እማማ ባሎቴ አጠገብ ተቀመጠ። የልጅቷ ድምፅ ቀጭን ነው፤ በአዳራሹ መጨረሻ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ባዳቾ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ ሰባኪው ያለውን በሹክሹክታ ያስከትልላቸው ጀመር። የሐዋሳው ሐኪም ቀጠሮ ገና ነው። እዚያ ምን እንደሚባል አያውቅም፤ አንዳንዴ ድካም ነው ይላል፣ አንዳንዴ አባቱን ያያቸዋል።

ስብከቱ መሐል ደረሰ። ባዳቾ ሞቅ ብሎታል፤ እጁም እንደ ድሮው መንቀሳቀስ ጀምሯል። ሕዝቡ አሜን አለ። እማማ ባሎቴ አሜን አላሉም። ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩና በደረቅ እጃቸው ጉልበቱን መታ አደረጉት።

ባዳቾ ሹክሹክታውን አቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው በወላይትኛ ጀመረ። አሮጊቷ ያዳምጣሉ፤ እጃቸውን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሡም።